ሰባት ከሩብ

ፍራንኮ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር፣
የጋሽ ነገዎ ሱቅ ጠባብ ናት፤
ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ደረቱን መሰብሰብ አለበት።
ጠረጴዛው በክንዱ ልክ ተበልቷል፤
ዓይኑ ላይ የሚሰካት ጥቁር ማጉያ
ቅንድቡን አስለቅቃ ቦታውን ወርሳለች።

አምስት ዓመት ከጎኑ ተቀመጥኩ።
በመጀመሪያው ብር አልነካሁም፤ ስስል ከረምኩ፣
ድንጋዩን ዘይት እያጠጣሁ፣ የመቅረጫውን ጫፍ።
"ጥፍርህ ላይ ካልያዘ አልተሳለም" ይለኛል፤
የአውራ ጣቴ ጥፍር ያኔ
የተማሪ ደብተር ይመስል ነበር፣ መስመር በመስመር።

በሁለተኛው አንድ ቁጥር ሰጠኝ፣
፩ን። ቀላል ትመስላለች።
ዝፍት ላይ የተጣበቀች የብር ክብ፣
ከሳንቲም ብዙም የማትሰፋ፤
ብረቱን አይገፋም፣
ክቧን ነው የሚያዞር፤
"ብረት ዝም ይበል፣
ምድር ትሽከርከር።"

ደግሞ አንዳንዴ፣ ደንበኛ ሲጨቀጭቀው፦
"የእጅ ሰዓት ማለት
እጅ ላይ የሚታሰር ብቻ ከመሰለህ፣
ሰዓቱን አይተሃል፣ እጁን ረስተሃል፤ ተመለስ፣ ሳልጨርስ አትምጣብኝ ብዬሃለሁ።"

ከዚያ ምንያህል ከመንገዱ ማዶ ከፈተ፤
መስታወት በር፣ ነጭ መብራት፣ ሴራሚክ ወለል፣
"የሌዘር ቅርጽ፣ በአሥር ደቂቃ"።
የጋሽ ነገዎ አንድ ፊት አሥራ ሰባት ቀን ነው።
ማዶ ደመወዝ ነበረ። ሄድኩ።
አልዋሽም፤ ልጅ ተወልዶልኝ ነበር፣
የዱቄት ወተትም ዋጋውን በየሳምንቱ ይቀይር ነበር።

ይህንንም አልዋሽም፤ ማሽኗን ወደድኳት።
አትቆጣ፣ አታኮርፍ፣ ወገቧን አያማት፤
ድምጿ የንብ፣ ሽታዋ የተለበለበ ፀጉር፤
እሱ ሲያስበው የሚያልበውን ሐረግ
ሳትተነፍስ ጨረሰችው።
መብራት ሲሄድ ፊቱን በግማሽ ትተዋለች፣ እርግጥ፤
ግን ማታ መብራት ሲሄድ እሱም አያይም፣
በዚህ አልፈርድባትም።

አንድ ቀን ምንያህል አንድ ሰዓት ይዞ መጣ፣
ከጭነት መኪና ሹፌር የገዛው።
"ፊቱን ስካን አድርገው፣ ሁለት መቶ እንሥራ፣
ለሠርግ ስጦታ ይሆናል።"
አገላበጥኩት። ስም የለውም፤ እሱ አይፈርምም።
፯ን ግን አየሁ፤
እግሯ ገመድ እንደበጠሰች ፍየል
እስከ ጠርዙ ሮጣለች።

ያን ቀን ነበርኩ።
ምድር ከወደ ምሥራቅ ተነቃነቀች፤
የጣሪያው ቆርቆሮ አጉረመረመ፣
ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች
እንደ ተስማሙ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤
ባጃጆች ቆሙ፣ ሰው ምሳውን ጥሎ መንገድ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ።
እሱ አልተነሣም።
ስመለስ ጭረቷን በአፉ እፍ አላት።
"እንጣለው?" አልኩት።
"ለምን?" አለ። "ሰባት ከሩብ ነበር፣
ይኸው ተጽፏል።"

በአንድ ንክኪ ላጠፋት እችል ነበር፤
ጣቴ ማውሱ ላይ ብዙ ቆየ።
ሁለት መቶ ፊት፣ ሁለት መቶ ፯፣
ሁለት መቶ ጊዜ ምድር ተንቀጠቀጠች፣
ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ውሃ እንኳ ሳይነቃነቅ።
"ይቺ መስመር ምንድን ናት?" ይላል ገዢ።
"ዲዛይን ነው" ይላል ምንያህል።

አንዱን በኪሴ ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።
ማጉያውን ሰካ፤ ዝም አለ፤
ጥፍሩን በእግሯ ላይ አስኬደ፣ አልያዘችውም።
"የእኔ ናት" አለ፣ "ግን ይቺ አልደነገጠችም።"
ቀጥሎ፣ "በስንት ደቂቃ ጨረሰቻት?"
"ዘጠኝ።"
"ምድር ከዚያም ፈጥና ነበር" ብሎ ሳቀ፣
ሲስቅ እንዳላየሁት ስንት ዘመኔ ነው።

ከዚያ ደረቱን ሰበሰበ፤
ገባሁ።
ለምሳ እረፍቴ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤
ድንጋዩን ወደ እኔ ገፋው፣ ዘይቱንም።